ለ14 ዓመት የቆመ ያማሃ ዲቲ 175 በቤት ውስጥ እንዴት ይታደሳል?

ጠያቂው የሀዋሳ ነዋሪ ናቸው። ጥያቄያቸው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «አባቴ የግብርና ባለሙያ ሳሉ ከመሥሪያ ቤታቸው በጨረታ የገዙት ያማሃ ዲቲ 175 ሞተር ሳይክል ጓሯችን ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ 14 ዓመት ያህል ቆሟል። የማስነሻ መርገጫው አልወርድ ብሏል፤ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ውስጡ ዝጓል፤ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። የመካኒክነት ትምህርት የለኝም፤ ቁልፍ መያዝ ግን አያቅተኝም። ጋራዥ ለሙሉ እድሳት የጠየቀኝ ገንዘብ ከአቅሜ በላይ ነው። በየወሩ ከደመወዜ በማተርፋት ጥቂት ገንዘብ እቤቴ ላድሰው እችላለሁ ወይ? ቀለሙን አስቀድሜ ባስቀባው ለሥራው የሚያነሣሣኝ ይመስለኛል።»

ማደሱን ይችላሉ፤ ቀለሙን ግን ለመጨረሻ ይተዉት። ከብዙ ዓመታት በፊት እኔም ለራሴ የያዝኩትን የመጀመሪያ ዲቲ ልክ እንዳሰቡት ከቀለም ጀመርኩ። ሰልባትዮው እንደ መስተዋት አበራ፣ ማኑብሪው (መሪው) እና ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) አዲስ ሆኑ፣ ሰፈሩም አደነቀልኝ። ወደ ሻሸመኔ ስወጣ ግን መንገዱን ሳላጋምስ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ደርቆ (ፒስተኑ ተጣብቆ) ቀረ። ነገሩ ውስጡን ለቄስ ነበር። ሞተሩን ያደረቀው ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔት በስተኋላ ያለ፣ ዋጋው ከቀለሙ ሩብ የማይሞላ አንድ ኦይል ሲል (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት) መሆኑን ያወቅሁት ፈትቼ ካየሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ምላሼ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም በእንዲህ ያለው ሞተር ላይ ገንዘብ አስቀድሞ የሚወጣው አየር እንዳያሾልክ ለማድረግ ነው የሚለው ነው።

ዲቲ 175 ቱ ስትሮክ የምንለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ካቀረበው ባለ 250 ሲሲ ዲቲ-1 የወረደ ዘር ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 66 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 50 ሚሊሜትር፣ አጠቃላይ ይዞታው 171 ሲሲ ነው። ባልቦላ፣ ካም፣ የካም ካቴና የሚባል ነገር የለበትም። በዚህ ምክንያት ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከእሱ የሚቀል ሞተር ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ባለበት ክፍል ውስጥ ስለሚያልፍና በዚያው ስለሚታመቅ፣ የታችኛው ክፍል እንደ ላይኛው ሁሉ የታሸገ መሆን አለበት። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ዘይት ከማንጠባጠብ የማያልፍ ቀዳዳ እዚህ ላይ ፒስተን የሚያቀልጥ ጉዳት ያስከትላል።

ቁልፍ ከመያዝዎ በፊት ወረቀቱን ይመልከቱ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በብሩሽ ጠርገው ያመሳክሩ። ሞተር ሳይክሉ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የተገዛ እንደ መሆኑ፣ መጀመሪያ የገባው ከቀረጥ ነፃ ከሆነና ቀረጡ ሳይከፈል ከቀረ ስም ማዛወሩ ይከብዳል። ቦሎ ሊወጣለት የማይችል ሞተር ሳይክል ላይ የወራት ቁጠባ ማፍሰስ ደግሞ የሚያስቆጭ ነው። ይህን አጣርተው ከጨረሱ በኋላ ሻንሲውን፣ በተለይም የማኑብሪው አንገት የሚያርፍበትንና የኋላው ሹካ የሚታሰርበትን ብየዳ በደንብ አጽድተው ስንጥቅ እንዳለበት ይፈትሹ።

አሁን ወደ ተጣበቀው ሞተር እንለፍ። መርገጫውን በጉልበት አይርገጡት፤ ማርሽ አስገብተው በመግፋትም አያስገድዱት። ካንዴላውን ይፍቱና በቀዳዳው ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ደባልቀው ጥቂት ያፍስሱ፤ ከዚያም አራት አምስት ቀን ይተዉት። ካልለቀቀ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አውርደው ፒስተኑን በእንጨት ጉማጅ በቀስታ ይምቱት። ፒስተኑ ያለበት ቦታ ወደ ታች የማያስኬደው ከሆነ ሲሊንደሩን ከላይ እያላሉ ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ገንዘብ ነው፤ በብረት መዶሻ የተሰነጠቀ ፒስተን ሊተካ ይችላል፣ የተሰበረ የሲሊንደር ቀሚስ ግን አይገኝም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሞተሩ መዞር በጀመረበት ቅጽበት ነው። ዘይቱ ሠርቶ መርገጫው ሲለቅ፣ ካንዴላ መልሶ የማስነሣት ፈተና ከባድ ነው፤ እባክዎ ይህን ፈተና ይለፉት። ያፈሰሱት ፈሳሽ የሲሊንደሩን ዝገት አጥቦ ያወረደው በቀጥታ ወደ ክራንኩ ኩሽኔታዎች (ክራንኩ ወደሚሽከረከርባቸው ቀለበቶች) ነው። የሐይቅ ዳር እርጥበት ባለበት ከተማ 14 ዓመት የቆመ ሞተር ደግሞ ከታች የራሱን ዝገት አጠራቅሟል። ሲሊንደሩን አውርደው፣ የክራንኩን ክፍል በንጹሕ ቤንዚን ደጋግመው አጥበው፣ ከዚያ ቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ይመርምሩ። ክራንኩን እየያዙ ቢዬላውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይና ወደ ታች ሲስቡት «ቀጭ» የሚል እንቅስቃሴ ፈጽሞ ሊኖር አይገባም። ወደ ጎን ግን ጥቂት መወዛወዙ ጤነኛ ነው፤ የላይኛው ጫፍ ከግራ ወደ ቀኝ ሲገፋ እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ቢሄድ አያስደነግጥም። ከዚያም ክራንኩን ጆሮዎን አስጠግተው በእጅ ያዙሩት፤ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው አልቋል።

የወጪዎ መጠን የሚወሰነው በዚህ ምርመራ ነው። ቢዬላውና ኩሽኔታዎቹ ደህና ከሆኑ ቀሪው ሥራ በደመወዝ ቁራጭ የሚጨረስ ነው። ካልሆኑ ካርተሩ (ክራንኩን የያዘው የሞተሩ ቅርፊት) ለሁለት ይከፈታል፤ ክራንኩም በፕሬስ ተለያይቶ አዲስ ቢዬላ ገብቶለት ዳግም ይቃናል። የመጨረሻው መዛባት ከ0.03 ሚሊሜትር መብለጥ ስለሌለበት ይህ የጓሮ ሥራ አይደለም። ባለ ሁለት ምት ባጃጆችን ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያዎችን አፈላልገው፣ ክራንኩን አቃንተው በዳያል ጌጅ (መዛባትን በሚለካ ባለ ሰዓት መሣሪያ) ሊያሳዩዎት የሚችሉትን ይምረጡ። «በዓይኔ ለክቼዋለሁ» የሚል ካጋጠመዎ ክራንኩን ይዘው ይመለሱ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ ሬቲፊካ፣ ማለትም ውስጡ በማሽን ተገርዞ መስፋት፣ ያስፈልገዋል። ለዚህ ሞተር ትልልቅ ፒስተኖች የሚሠሩት በየ0.25 ሚሊሜትር ከፍ እያሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፒስተኑን ከነፋሻዎቹ (ከሚከቡት የብረት ቀለበቶች ጋር) ይግዙ፤ ቀጥሎ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን አንድ ላይ ይዘው ወደ ቶርኖ ቤት ይሂዱ። ሲሊንደሩ የሚገረዘው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ እንጂ ሊገዛ በታሰበው አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነውና። ለባለሙያው አንድ ነገር አደራ ይበሉት፤ ከግረዛው በኋላ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ሁሉ ስለቱ በጥቂቱ መሞረድ አለበት። የመኪና ሲሊንደር ሲገርዝ የኖረ ሰው ግድግዳው ላይ መስኮት ያለበት ሲሊንደር ብዙም ስለማያጋጥመው ይህን ሊዘነጋ ይችላል። ጠርዙ ስለታም ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ ፋሻው ይይዝና ይሰበራል። እቤት ሲደርሱ ሲሊንደሩን በሙቅ ውኃና በሳሙና ነጭ ጨርቅ እስኪጠራ ድረስ ይጠቡትና ወዲያው ዘይት ይቀቡት። አዲሱን ፋሻ ያለ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ አድርገው ቢያስገቡት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል።

አሁን ወደ ኦይል ሲሎቹ ልመለስ። ክራንኩ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሲል አለው። የግራው በማግኔቱ በኩል ደረቅ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ሲያረጅ አየር ያስገባል። ድብልቁ ይሳሳል (አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል)፣ ሞተሩ ጋዝ ሳይነካ ራሱን በራሱ ያስጮኻል፣ በመጨረሻም ይደርቃል፤ እኔን ሻሸመኔ ሳልደርስ ያስቀረኝ ይኸው ነው። የቀኙ በፍሪሲዮን በኩል ካምቢዮ ዘይት ውስጥ ስለሚኖር፣ ሲያረጅ ዘይቱን ወደ ክራንኩ ይስባል፤ ምልክቱ የማያቋርጥ ነጭ ጭስና በየጊዜው የሚጎድል የካምቢዮ ዘይት ነው። 14 ዓመት የቆመ የሲል ጎማ ደረቅ ስለሆነ ሁለቱንም ያለ ምርመራ ይለውጡ። የግራውን ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ ካርተሩን መክፈት አያስፈልግም፤ ቮላኖውን (ማግኔቱን የያዘውን ተሽከርካሪ ብረት) ማውጣት ይበቃል። ቮላኖው ግን በራሱ ኤስትራቶር (መንቀያ) እንጂ በመዶሻ አይወጣም። በመዶሻ የወጣ ቮላኖ ማግኔቱ ሊነቃቀል፣ የክራንኩም ጫፍ ሊጣመም ይችላል። ኤስትራቶር መግዛት ካልፈለጉ ከአንድ ጋራዥ ለአንድ ሰዓት ይከራዩ።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ፣ ከመነሣቱ በፊት፣ ማሸጊያው መያዙን የሚያሳይ ፍተሻ አለ። ፋብሪካ የሚሠራው የፍተሻ መሣሪያ ውድ ነው፤ እኔ ግን ለዓመታት የተጠቀምኩት በክንድ ላይ የሚጠቀለለውን፣ ባለ እጅ ፓምፕና ባለ ሰዓት የደም ግፊት መለኪያ ነው። የእሱ ጣሪያ 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ይህ ከ0.4 ባር ጋር እኩል ነው። ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚፈለገውም ግፊት ያው ራሱ ነው። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቀዳዳ በወፍራም የካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ቁራጭና በጠፍጣፋ ብረት ይድፈኑ፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለውን ዘይት ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን የዘይት ፓምፕ ቱቦ ይዝጉ፤ ፒስተኑን እስከ ታች ያውርዱት። በካርቡራቶሩ መቀመጫ በኩል ደግሞ የመለኪያውን ቱቦ በጎማ ድፍን ውስጥ አሳልፈው እስከ 300 ይንፉ። የመለኪያው ሰዓት ከ300 ወደ 250 ለመውረድ ከአንድ ደቂቃ በታች ከፈጀበት ሞተሩ ያሾልካል። ያን ጊዜ የሳሙና ውኃ በሲሊንደሩ እግር፣ በቴስታታው ዙሪያ፣ በግራው ሲልና በካርቡራቶሩ ጎማ ላይ ይቀቡ፤ አረፋ የሚነሣበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። የትም አረፋ ካልታየ የካምቢዮውን ዘይት መሙያ ክዳን ከፍተው ያዳምጡ፤ እዚያ የሚተነፍስ ከሆነ ጥፋቱ የቀኙ ሲል ነው። ዘመድ ያስቀመጠው አሮጌ መለኪያ ካለ ይህ ፍተሻ የሚያስወጣዎ የሳሙናውን ዋጋ ብቻ ነው።

ሰልባትዮውን ለማጽዳት መድኃኒት መግዛት አያሻዎትም። የቤንዚን ቧንቧውን አውጥተው ቀዳዳውን ይድፈኑ፤ ሰልባትዮውን አፉ ድረስ በአቼቶ ሞልተው፣ አሮጌ ካቴና ከተው፣ አልፎ አልፎ እየናጡ ሁለት ቀን ያቆዩት። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውኃ አጥበው፣ በፀሐይ ፈጥነው አድርቀው፣ ወዲያው ጥቂት ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ያንገዋልሉበት፤ ለአንድ ሌሊት እርጥብ ሆኖ ካደረ ዝገቱ ይመለሳል። ካርቡራቶሩን እስከ መጨረሻው ፈትተው ጂግለሮቹን (የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑትን ባለ ቀዳዳ ቡሎኖች) በቤንዚንና በተጨመቀ አየር ያጽዱ። ሽቦ አያስገቡባቸው፤ የጂግለር ቀዳዳ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ነውና ሽቦ ያሰፋዋል።

ስለ ጂግለር ካነሣን ስለ ከፍታም ጥቂት ማለት ይገባል። ሀዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 18 በመቶ ያህል ያንሳል። ለቆላማ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር ላይ ይታፈናል። ዋናውን ጂግለር በአንድ ደረጃ ማሳነስ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚህ በላይ አይሂዱ። እዚሁ አጥብቀው ያስተካከሉት ሞተር 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለችው አርባ ምንጭ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይሳሳል። እኔ በበኩሌ ጥቂት የሚያጨስ ሞተር ከሚደርቅ ሞተር ይሻለኛል።

የኤሌክትሪኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በግራ በኩል ክዳኑን ከፍተው በቮላኖው መስኮት ፑንቲና (የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስን የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ) ከታየዎ፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱትና ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ ኮንደንሳቶሩን ግን በአዲስ ይቀይሩ። ፑንቲና ከሌለው ሲዲአይ (ያለ ፑንቲና ብልጭታ የሚሰጥ ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ያለው በኋላ የተሠራው ሞዴል ነው፤ እሱ ላይ የሽቦ መያያዣዎችን ከማጽዳት በቀር የሚነካ ነገር የለም። ባትሪ ሳይገዙ በፊት አምፖሉ ባለ 6 ወይስ ባለ 12 ቮልት መሆኑን ያንብቡ።

ከሞተሩ ቀጥሎ ገንዘብ የማይሰሰትባቸው ፍሬንና ጎማ ናቸው። የፍሬን ሸራው ካለቀ አሮጌውን ብረት ሳይጥሉ አዲስ ሸራ ማስለጠፍ ይቻላል። የፍሬኑን ታምቡር ሲከፍቱ ግን አቧራውን በአየር አይንፉት፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ጎማው የፊቱ 21፣ የኋላው 18 ነው፤ ሲገዙ ጎኑ ላይ የተመታውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያንብቡ። ለምሳሌ 2317 ማለት እ.ኤ.አ. በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። «አዲስ ነው» ተብሎ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ ከእርስዎ የተሰነጠቀው ጎማ ብዙም ላይሻል ይችላል። ራጂዎቹን (የመንኮራኩሩን ቀጫጭን ሽቦዎች) አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ ያድርጉ፤ የላላው እንደ ሌሎቹ አይጮኽም።

ወጪ የሚቀንሰው ትልቁ ምሥጢር ቁጥር ማንበብ ነው። የመንኮራኩር ኩሽኔታ የያማሃ ዕቃ አይደለም፤ ጎኑ ላይ 6202 የሚል ከሆነ ውስጡ 15፣ ውጪው 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር መሆኑ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ «የዲቲ ኩሽኔታ» ብለው ከመለዋወጫ ቤት ከመጠየቅ ቁጥሩን ጽፈው ኩሽኔታ ወደሚሸጥበት ሱቅ ይሂዱ። ኦይል ሲልም እንዲሁ መጠኑ ላዩ ላይ ተጽፏል። የኋላ ካቴናው 428 የሚባለው ሲሆን፣ በየመንገዱ የምናያቸው አብዛኞቹ የሕንድና የቻይና ሞተር ሳይክሎች የሚጠቀሙበት ነው። ጓርኒሲዮኖቹን (በብረት መጋጠሚያዎች መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) ከጓርኒሲዮን ወረቀት በመቀስ መቁረጥ ይችላሉ፤ የቀድሞው ውፍረት እንዲጠበቅ ብቻ ያስተውሉ። ርካሽ የማልመክረው ፒስተኑን፣ ፋሻዎቹንና ሁለቱን የክራንክ ሲሎች ነው፤ በእነዚህ ላይ ቁጠባ ኋላ ሁለት እጥፍ ያስከፍላል። ወርኃዊ ቁጠባዎን ስለዚህ በመጀመሪያ ለእነዚህ፣ ቀጥሎ ለጎማና ለፍሬን፣ ከዚያ ለኩሽኔታና ለካቴና፣ የተረፈ ካለ ለአንቲሩጂኔ (ለፀረ ዝገት ቅብ) እና ለቀለም ያውሉት።

ሲያስነሡት የዘይት ፓምፑን ለጊዜው አይመኑት። በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ደባልቀው ይጀምሩ፤ ፓምፑ በራሱ ቱቦ ያለ አየር አረፋ ዘይት ማድረሱን በዓይንዎ ካረጋገጡ በኋላ ወደ እሱ ይመለሱ። የመጀመሪያውን ቀን አምስት ደቂቃ አስነሥተው፣ አጥፍተው፣ በእጅ የሚዳሰስ እስኪሆን ያቀዝቅዙት፤ ይህንን ሦስት ጊዜ ያህል ይደጋግሙ፤ ከቀዘቀዘ በኋላም የቴስታታውን ቡሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና ያጥብቁ። እስከ 500 ኪሎሜትር ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ለረጅም ጊዜ አይንዱ፤ ፍጥነቱንም ከፍ ዝቅ ያድርጉት።

ወደ አላሙራ ተራራ ወጥተው ሲመለሱ በተለይ ይጠንቀቁ። በድብልቅ የሚሠራ ሞተር ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ቁልቁለቱን ጋዝ ዘግተው በማርሽ ይዘው ቢወርዱ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት ይራባል። ፍሪሲዮን ይያዙ፣ በፍሬን ይውረዱ፣ በየመሃሉም ጋዙን ጥቂት ይነካኩት። ከታች ሲደርሱ ካንዴላውን ፈትተው ይመልከቱ፤ ጫፉ ደረቅና ቡናማ ከሆነ እንዳለ ይተዉት፣ ነጭ ሆኖ ካገኙት ግን አየር እየገባ ድብልቁ ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን አያስነሡት፤ እየገፉ ወደ ቤት ይመልሱትና የደም ግፊት መለኪያውን እንደገና ያውጡ።